ማር ማር የሚል ማሽን

ዝናብ ሊመጣ ሲል ጎረቤቶቼ የተሰጣ ልብስ ያስገባሉ፤ እኔ ልጄን እቆጥራለሁ። ያለችኝ አንዲት ናት፤ እሷኑ ደጋግሜ እቆጥራለሁ። አምስት ዓመቷ ነው፣ ትሁት ትባላለች። ከደጅ ጠርቻት "አቤት" እስክትል ድረስ በልቤ ጎርፍ ወስዷታል፣ ባጃጅ ገጭቷታል፣ የሰፈር ውሻ ነክሷታል። ባለቤቴ "ክፉ ነገር በማሰብ አንቺን ማን ይቀድምሻል?" ይለኛል። ማንም አይቀድመኝም። ግን አብሮኝ የተወለደ ጠባይ አይደለም። እዚሁ ቦንጋ፣ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ እህቴ አልጣሽ ሮቦት በሠራችበት የዝናብ ወቅት ነው የጀመረኝ።

ሮቦት ስትል እጅና እግር ያለው፣ ሰው የሚመስል ነገር ጠብቄ ነበር። ወደ ቤት ይዛው የመጣችው ግን ከጫማ ካርቶን ብዙም የማይበልጥ፣ ጎማ የተገጠመለት የጣውላ ሣጥን ነበር። ከተጣለ ፕሪንተር የተነቀሉ ሁለት ሞተሮች በግራና በቀኙ ተቀምጠዋል። ለእያንዳንዱ ሞተር ደግሞ ሂድ ወይም ቁም የምትለው፣ የእጅ መዳፍ የማትሞላ መቆጣጠሪያ ካርድ አለችው። ሥራው ቡና ማዳን ነው። ቡናችን በቆጥ አልጋ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ማስጫ ላይ ተሰጥቶ ሳለ ዝናብ ጠብ ካለ፣ ማሽኑ ጠብታዋን አውቆ በአልጋው ጠርዝ ላይ እየተንከባለለ ላስቲኩን ጎትቶ ያለብሰዋል። ማንም ሰው መሮጥ አይኖርበትም። በኛ አገር የረጠበ ቡና ምን ማለት እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው፣ ይህ ቀልድ አልነበረም።

ለአልጣሽም ቀልድ አልነበረም። የዞኑ ተማሪዎች የሠሩት ሁሉ በአዳራሽ ይታያል፤ ያሸነፈ ክረምቱን አዲስ አበባ ሠልጥኖ፣ ከዚያ ጎበዝ ተማሪዎች ብቻ የሚገቡበት አዳሪ ትምህርት ቤት ይገባል። ካላሸነፈች ደግሞ መሄጃዋ ሺሺንዳ ነበር። እናቴ እዚያ ለምትኖረው አክስታችን ለየሻረግ ቃል ገብታላታለች፦ አልጣሽ አሥረኛን ስትጨርስ ሱቋ ውስጥ ቆማ ስኳርና ሳሙና ትሸጥላታለች። በቤታችን እናቴ ቃል ከገባች፣ ገባች ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ማሽኑ እንቢ አለ። አልጣሽና አብዱልቃድር መሬት ላይ ተንበርክከው ከበቡት። አብዱልቃድር አባቱ ገበያው አጠገብ ጨርቅ የሚሸጡ፣ ከአፉ ቀልድ የማይጠፋ የክፍሏ ልጅ ነው።

"መብራቷ እኮ በርታለች" አለ ካርዷ ላይ ያለችውን አረንጓዴ ነጥብ እያሳየ። "ታዲያ ምን ሆና ነው የማትታዘዘው?"

"በራች ማለት ኃይል ደረሳት ማለት ነው። ትእዛዝ ደረሳት ማለት አይደለም።"

"እንደኔ ነቻ! እኔም አባቴ ቁርስ ሲሰጠኝ እበላለሁ፤ ሲልከኝ ነው የማልሰማው።"

"አንተማ መብራትህም አይበራም።"

ባትሪውን ቀየሩ። ጎማው አልተነቃነቀም። ከዚያ አልጣሽ የቀኙን ካርድ ወደ ግራ፣ የግራውን ወደ ቀኝ አዛወረች። "በሽታው ከካርዱ ጋር ከሄደ ካርዱ ነው፤ ባለበት ከቀረ ሽቦው ነው" አለችኝ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ለኔ ለትንሿ። እንደ ትልቅ ሰው ስላስረዳችኝ ሆዴ ሞቀ። በሽታው ግን የትም አልሄደም፤ ሁለቱም ካርዶች አረንጓዴ ዓይናቸውን አፍጠው ዝም።

መምህራቸው አብነት ጃንጥላውን እያራገፈ የመጣው በዚህ መሃል ነው። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ገና ዓመት ያልሞላው፣ የቦንጋ ጭቃ ጫማውን የጨረሰበት ወጣት ነበር። ቀጫጭኖቹን የትእዛዝ ሽቦዎች ከካርዷ ነቅሎ የሚሰኩባቸውን ጥርሶች ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረ።

"አያችሁ? አረንጓዴ ዝገት። እርጥበት ነው።"

በምላጭ ጫፍ ፈቀፈቃቸውና መልሶ ሰካ። አልጣሽ ጣቷን ውሃ ውስጥ ነክራ ማሽኑ ላይ አንዲት ጠብታ ስታንጠባጥብ ሞተሮቹ ጮኹ፤ ማሽኑ ተፈተለከና የእናቴን ዶሮ ከጥግ እስከ ጥግ አሳደዳት። አብዱልቃድር ሆዱን ይዞ ሳቀ። አባቴ እንኳ ሳቀ።

አባቴ አዲሱ ይባላል፤ ንብ አርቢ ነበር። ቀፎዎቹ ማንኪራ ጫካ ውስጥ፣ ከጓደኛው ከጋሽ ሣህሌ ቀፎዎች ጎን ነበሩ። በዚያ ሰዓት በሩ አጠገብ አጭሯ የእንጨት መቀመጫው፣ ዱካው ላይ ተቀምጦ፣ የጫማውን ስፌት ውሃ እንዳያስገባ በሰም እያሸ ነበር። ሰም የማይቀባው ነገር አልነበረውም፦ ጫማውን፣ የማር መያዣውን ክዳን፣ የተሰነጠቀ ቀፎን፣ የኔን ደብተር ሽፋን ሳይቀር።

"ጋሽ አዲሱ" አለው መምህር አብነት፣ "የዚህ ማሽን ጠላት ሌላ እንዳይመስልዎ፤ ይሄ የአገርዎ እርጥበት ነው። በነዚህ ጥርሶች መሃል ከገባ በቃ፣ አለቀለት።"

የአባቴ አማርኛ የገበያ አማርኛ ነበር፤ ቤት ውስጥ የምናወራው በካፊኛ ነው። መምህሩ ያለውን ከፊሉን ብቻ እንደያዘ ፊቱ ላይ ይታያል። "እርጥበት" አለ። "ጥርስ" አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ ለማንም ሳይሆን ለጫማው፣ "ውሃማ ይከለከላል እኮ" አለ። ማንም እንዴት ብሎ አልጠየቀውም።

በዚያው ሰሞን እራት ላይ እናቴ ነገር ጀመረች። አልጣሽ ጎረቤት ሄዳለች፤ እኔ ደግሞ ቁራሽ ቆጮ ይዤ ጥግ ላይ ነኝ።

"ብታሸንፍስ?" አለች እናቴ። "የሻረግን በየት በኩል ነው የማያት?"

አባቴ ረጅም ጊዜ አኘከ። "ልጄ እንድትሄድብኝ አልፈልግም" አለ።

ከዚያ በኋላም ቀጠለ፤ ብዙ ነው የተናገረው። ግን ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወረደና ያየሁት ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ፣ እናቴም የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ ስትወስድ ብቻ ነው። የሰማሁት ያችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ልጅ ደግሞ የሰማውን ነው የሚያውቀው። ሺሺንዳ አልሄድም ብላ ታለቅስ ይሆን እያልኩ ስለ አልጣሽ እጨነቅ የነበርኩት እኔ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴን በዓይኔ መከታተል ያዝኩ።

የአዳራሹ ቀን ጠዋት ሽንቴ ቀሰቀሰኝ። ማድ ቤት እሳት አለ። አባቴ ምድጃው ሥር ቁጢጥ ብሏል። ማሽኑ ጭኑ ላይ ነው፤ ፍሙ ላይ ደግሞ በሣርዲን ቆርቆሮ ሰም ቀልጧል። ቀጫጭኖቹን ሽቦዎች ተራ በተራ ይነቅላል፤ ጫፋቸውን ሰሙ ውስጥ ነከር ያደርጋል፤ እፍ ይላል፤ መልሶ ይሰካል። በጥርሶቹም ላይ በስንጥር ያንጠባጥባል። ኃይል የሚያመጡትን ወፍራሞቹን ሽቦዎች አልነካቸውም፤ እነሱ በብሎን የታሰሩ ናቸው፣ መፍቻ አልነበረውም። ቤቱ በሙሉ ማር ማር ይላል። ምላሱን በጥርሱ ነክሷል።

ዛሬ እናት ሆኜ፣ ሰው የልጁን ነገር በእጁ ሲይዝ ምላሱን እንዴት እንደሚነክስ አውቃለሁ። የትሁትን ጥፍር ስቆርጥ የኔም ምላስ እንደዚያ ነው። ያኔ ግን ያየሁት ሌላ ነው፦ አባቴ የማሽኑን ጆሮ ሲደፍን። ትእዛዝ እንዳይሰማ። እንዳይሄድ። እንዳትሄድበት።

ቀና ብሎ አየኝ። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ፈገግ አለ።

"ለእህትሽ እንዳትነግሪ፣ ምሥራቄ።"

ተመልሼ ብርድ ልብሱ ውስጥ ገባሁ።

አዳራሹ በተማሪና በወላጅ ተሞልቶ፣ ከእርጥብ ልብስ የሚወጣው እንፋሎት መስኮቱን በጭጋግ ሸፍኖታል። አባቴ ጋቢውን አጣፍቶ፣ በሰም ያሸውን ጫማ አጥቦ፣ እጅ ብትዘረጋ በምትነካው ርቀት ከፊት ቆሟል። እናቴ አልመጣችም። የአልጣሽ ተራ ሲደርስ ሦስቱ ዳኞች ወደ ጠረጴዛዋ ቀረቡ። በቀርከሃ የሠራችው ትንሽ የቡና አልጋ ላይ እፍኝ ቡና ሰጥታ፣ ማሽኑን ጠርዙ ላይ አስቀምጣለች። ለምን እንደሚጠቅም ስታስረዳ ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ከብርጭቆ ውሃ በጣቷ ወስዳ አንጠባጠበች።

አረንጓዴዎቹ ነጥቦች በሩ። ማሽኑ አልተንቀሳቀሰም።

ደግማ አንጠባጠበች። ከኋላ የሆነ ልጅ "ጠምቶት ነው፣ ጨምሪለት!" ብሎ ሰው አሳቀ።

"አይዞሽ ልጄ፣ አትቸኩይ" አለች ከዳኞቹ አንዷ፣ ዘነበች የምትባል መነጽር ያደረገች ሴት።

አብዱልቃድር ባትሪ ቀየረ። መብራቶቹ ይበልጥ ደመቁ፤ ጎማዎቹ ዝም። አልጣሽ ካርዶቹን አዛወረች፤ የቀኙን ወደ ግራ፣ የግራውን ወደ ቀኝ። ዝም። ከዚያ ጎንበስ አለች። ፊቷን እስከ ካርዶቹ ድረስ አወረደችና እዚያው ቆየች፤ እየሳመችው መሰለኝ። ቀና ስትል ዓይኗ በሰው መሃል አባቴን ፈለገ። አባቴ አገጩን ከፍ አደረገላት።

አልጣሽ ከፀጉሯ ማስያዣ ነቀለች። ጫፉን ወደ ሽቦዎቹ አስጠጋች። አሁን ትቆፍረዋለች፣ ሰሙን ታወጣዋለች፣ ዳኞቹ "ይሄን ማን ጨመረው?" ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ። እጇ አየር ላይ ቆመ። ከዚያ ማስያዣውን መልሳ ፀጉሯ ውስጥ ሰካችው።

"ይቅርታ" አለች ለዳኞቹ። "ባትሪውን ገልብጬ አስሬ ካርዶቹን አቃጥያቸዋለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው።"

"ኧረ አልገለበጥሽም!" አለ አብዱልቃድር። "እኔ ራሴ አይቼ—"

"ዝም በል አብዱ።"

ሰው አጨበጨበላት፤ ለቀብር የሚመስል ጭብጨባ ነበር። መምህር አብነት ካርዶቹን ሊያይ እጁን ሲዘረጋ አልጣሽ ማሽኑን ደረቷ ላይ አቀፈችው፤ አልሰጠችውም።

ወደ ቤት ስንሄድ ይዘንብ ነበር። አባቴ ማሽኑን ከእጇ ተቀብሎ ጋቢው ሥር ከተተው፤ እሱ ራሱ እየበሰበሰ። አሁን ደግሞ ለይምሰል ይጠነቀቅለታል ብዬ ከኋላው ተረከዙን እያየሁ ሄድኩ። ሁለቱም አንድ ቃል አልተነጋገሩም።

አልጣሽ በዚያው ክረምት በሺሺንዳ አውቶቡስ ሄደች። አላለቀሰችም፣ አልተከራከረችም፤ እናቴ እንኳ ዝምታዋ ከበዳትና ሁለት ጊዜ "ቅሪ ካልሽ ቅሪ" ብላት ነበር። መምህር አብነት በዓመቱ ተዛወረ። ማሽኑ ደግሞ ከአዳራሹ ማግስት ጀምሮ ለጥቂት ቀናት ከመደርደሪያው ጠፍቶ ሲመለስ ካርዶቹ ጠቁረዋል፣ የሽቦዎቹ ላስቲክ ቀልጦ ተጣብቋል፣ ጭስ ጭስ ይላል። አባቴ ምልክቱን ለማጥፋት እሳት ላይ እንደጣለው ገባኝ። በዚያ ዓመት ጫካ መውረድ ተወ፤ ቀፎዎቹን ለጋሽ ሣህሌ ሰጣቸው። ዱካው ላይ ተቀምጦ ደጁን ያያል። የፈለገውን አግኝቶ ያርፋል አልኩ በልቤ። ጋሽ ሣህሌ ማር ሲልክ እኔ አልበላም፤ አባቴ ለእናቴ "ጥርሷን ነው የሚያማት፣ ጤና ጣቢያ እንውሰዳት" ይላት ነበር። ወስደውም አሳይተውኛል። ጥርሴ ደህና ነበር።

አልጣሽ ለበዓል ብቻ ትመጣለች። ስትመጣ አባቴን እጁን ታስታጥበዋለች፣ ልብሱን ታጥብለታለች፤ በሚቀጥለው አውቶቡስ ትመለሳለች። እሱም "ደረስሽ?" እና "ሄድሽ?" ከማለት ሌላ ቃል አይጨምርም።

አባቴ ባለፈው ኅዳር ሞተ። አልጣሽ ቀብር ላይ ደረሰች። አሁን ሱቁ የራሷ ነው፤ የሻረግ ስታረጅ ለቃላታለች፤ አልተዳረችም። በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሳሳ ሲል ጋሽ ሣህሌ ከዘራውን ተደግፎ መጥቶ ከሁለታችን አጠገብ ተቀመጠ። የተናገረው በካፊኛ ነው፤ እኔ በአማርኛ ነው የምጽፈው።

"አልጣሽ" አላት፣ "ያችን ማሽንሽን ታስታውሻለሽ?"

"አስታውሳለሁ ጋሽ ሣህሌ።"

"ከአዳራሹ ቀን በነጋታው ነው፤ አዲሱ ተሸክሟት ማንኪራ ድረስ በእግሩ መጣ። በዝናብ። 'ሣህሌ' አለኝ፣ 'ውሃ እንዳይገባባት ብዬ ጥርሷን በሰም ደፈንኩት። ለካ በሰሙ ውስጥ ነገር አያልፍም። ልጄን በገዛ እጄ ገደልኳት' አለኝ። ሰሙን ላውጣላት ብሎ ፍም ላይ አሞቅናት፤ ሁለታችንም። ሰሙ ወረደ። ግን ሌላውም አብሮ ወረደ።"

ድንኳኑ ሥር የነበረው ጭቃ ውስጥ የሰመጥኩ መሰለኝ። ውሃ እንዳይገባባት ብዬ። በዚያች ጠዋት ያየሁት ፈገግታ የሌባ ፈገግታ አልነበረም፤ ለልጁ ስጦታ የሚደብቅ ሰው ፈገግታ ነበር። በዚያ እራት ላይ ዝናቡ የበላው ንግግርም "አልፈልግም፤ ግን…" ብሎ የሚቀጥል መሆን አለበት። ማወቅ አልችልም። እናቴን ብጠይቃት "ረሳሁት" አለችኝ።

የአልጣሽ ፊት ግን አልተለወጠም፤ ሰሙን ታውቀዋለችና። "ሸቶኝ ነበር" አለች በዝግታ። "አዳራሹ ውስጥ። ጎንበስ ስል ማር ማር አለኝ። አባባ አጠገቤ ቆሟል። እዚያ ፊቱ ብቆፍረው ያደረገውን ያውቃል፤ ሰው ሁሉ ይስቅበታል። እንዳያውቅ ብዬ ነው… ጋሽ ሣህሌ፣ እንዴት አወቀ?"

ሽማግሌው ተገርሞ አያት።

"ንብ አርቢ እኮ ነው፣ ልጄ። ስታሸቺ አየሽ። እንዳወቅሽ ያኔውኑ አውቋል። 'በይ ተናገሪ፣ ስደቢኝ ብዬ አገጬን አነሳሁላት፤ እሷ ግን ዝም አለችኝ' አለኝ። 'ልትሰድበኝ እንኳ ተጸየፈችኝ። ቤቴን ጥላ ስትሄድም አንድ ቃል አልወጣትም' አለኝ። ብዙ ጊዜ ነው ያለኝ። 'አንድ ጊዜ ብትጮህብኝ ጫካዬ እመለስ ነበር' ይል ነበር።"

አልጣሽ የድንኳኑን ምሰሶ ያዘች።

"ለሱ ብዬ እኮ ነው" አለች። ለጋሽ ሣህሌ አልነበረም፤ ለኔም አልነበረም። ደግማ፣ ትንሽ ከፍ አድርጋ፣ "አባባ፣ ላንተ ብዬ እኮ ነው" አለች።

ጋሽ ሣህሌ አንገቱን ደፋ። ለቀስተኛ ሲገባ ምሰሶውን ለቃ ተነሳችና እጅ ማስታጠቢያውን አነሳች፤ ልክ እሱን ታስታጥበው እንደነበረው ጎንበስ ብላ። እኔ ሁሉን ያየሁ ነኝ፤ ሰሙንም፣ ማሽተቷንም፣ አገጩንም። በአንድ ቤት ሦስታችንም እናውቅ ነበር። አንዳችንም ለአንዳችን አልተናገርንም።

በማግስቱ በጠዋቱ አውቶቡስ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ስልክ ስደውልላት "ደህና ነኝ" ትለኛለች፤ ከኋላዋ ሰው "ሳሙና አለ?" ሲል ይሰማኛል።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ትሁት ከብስኩት ካርቶን መኪና ሠራች። ጎማዎቹ የለስላሳ ቆርኪዎች ናቸው። እስክጨርሰው ብላ በረንዳው ጠርዝ ላይ አስቀምጣው ሌላ ቆርኪ ልትፈልግ ወደ አጥሩ ሮጠች። ደመናው ከጫካው በኩል መጣ። ካርቶን ነው፤ ጠብታ ይበቃዋል። ላስቲክ አንስቼ ወጣሁ። ደረስኩ፤ ጎንበስ አልኩ፤ ከዚያ እጄ እንደ አልጣሽ እጅ አየር ላይ ቀረ። ሙጫው ገና እርጥብ ቢሆንስ? ላስቲኩ ቢጣበቅበትስ? ተነቅሎ ቢመጣስ? ብተወውስ?

"ትሁት!" ብዬ ጮህኩ። "ልሸፍንልሽ ወይስ ልተወው?"

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። ልጄ ከአጥሩ ሥር ዞር ብላ አየችኝ፤ የሆነ ነገር ተናገረች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ።